የከሪ ቤት ጣዕም በገዛ ማድቤትዎ፦ ስለ ግሬቪ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም እንደመጣሁ ሁለት ዓመት ያህል በአንድ ከሪ ቤት፣ የሕንድ ዓይነት ቅመም ያለው ወጥ በሚሸጥበት ምግብ ቤት፣ ማድቤት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሳህን ማጠብና ሽንኩርት መላጥ ነበር፤ በሳምንት ስንት ጆንያ እንደላጥኩ አሁን መቁጠር አልችልም። ዋናው ሼፍ የባንግላዴሽ፣ የሲልሄት ሰው ነበር፣ ሁላችንም ‹‹ባይ›› እንለዋለን፣ በእነሱ ቋንቋ ወንድሜ እንደማለት ነው። ከሪን ያወቅሁት ከእሱ አጠገብ ቆሜ ነው። ያን ጊዜ ያየሁትን ቤቴ ማብሰል ከጀመርኩ ወዲህ ጓደኞቼ፣ የቤተ ክርስቲያን እህቶች፣ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼም ጭምር ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ስለ ግሬቪ፣ ማለትም ከሪው ሁሉ ስለሚሠራበት የሽንኩርት መረቅ፣ መልሱን አንድ ቦታ ሰብስቤ ጻፍኩት።

ቅመሙን ሁሉ ገዝቼ ሠራሁት፣ ለምን እንደ ከሪ ቤቱ አይሆንልኝም?

የጎደለው ቅመም አይደለም። ብዙ ሰው ከሱቅ ሃያ ዓይነት ቅመም ገዝቶ ይመጣና ሽንኩርት ከትፎ፣ ዶሮውን ጥሬውን ጨምሮ አንድ ሰዓት ያበስላል። የሚወጣው ጥሩ ምግብ ሊሆን ይችላል፤ የሕንድ ቤተሰብ በቤቱ የሚሠራውን ይመስላል። የከሪ ቤቱ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። እዚያ ከሰዓት በኋላ በትልቅ ድስት የሽንኩርት መረቅ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ ይቀመጣል፤ ግሬቪ ይሉታል። ዶሮው ለብቻው ቀድሞ በስሏል። ማታ ትእዛዝ ሲመጣ ሼፉ ትንሽ መጥበሻ በኃይለኛ እሳት ላይ ያደርግና ከግሬቪው በጭልፋ እየቀዳ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያወጣዋል። ያ የምናውቀው ጣዕም፣ ለስላሳው መረቅና ትንሽ የጭስ ሽታ ያለው ነገር፣ የሚመጣው ከሁለቱ ነው፦ ቀድሞ ከተሠራው ግሬቪና ከመጨረሻው እሳት። አንዱ ከጎደለ አይመጣም።

ታዲያ ግሬቪ ማለት ቁሌት ማለት ነው?

እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሁለቱም ብዙ ሽንኩርት ናቸው፣ ሁለቱም ሌላው ሁሉ የሚቆምባቸው መሠረት ናቸው። አሠራራቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ይህንን የተረዳ ሐበሻ ከማንም ፈጥኖ ከሪ ይለምዳል።

እኛ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ደረቁን እናቁላላለን። ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረግን፣ መልኩ እስኪለወጥ ድረስ ሳንሰለች እናማስላለን፤ ከዚያ ዘይቱና በርበሬው ገብቶ እንደገና ይቁላላል። ዶሮው ሲገባ የወጡ ጣዕም አብዛኛው አልቋል። ግሬቪ ላይ ግን ሽንኩርቱ በውሃና በዘይት ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ባይ ሽንኩርቱ ቡናማ እንዳይሆን ነበር የሚጠነቀቀው። ስለዚህ ያለቀው ግሬቪ ብቻውን ሲቀመስ ልል፣ ጣፈጥ ያለ፣ ቅመሙ ብዙ የማይሰማ የአትክልት ሾርባ ነው። ሰው ቀምሶት ‹‹ምኑ ነው ይሄ?›› ብሎ ቅመም ሊጨምርበት ይቸኩላል። እባክዎ አይጨምሩ። ከዚያው ድስት ማታ ላይ ለሕፃን የሚሆን ኮርማም፣ ዓይን የሚያስለቅስ ቪንዳሉም መውጣት ስላለበት ነው እንዲህ የሆነው።

ቁላሎቱ የቀረ እንዳይመስልዎ፣ ወደ መጨረሻ የተላለፈ ነው። እኛ አስቀድመን እናቁላላለን፣ እነሱ ሊበላ 10 ደቂቃ ሲቀረው ያቁላላሉ።

ግሬቪው ውስጥ ምን ይገባል? መጠኑስ?

እኔ ቤቴ የምሠራበትን ልንገርዎ፤ ከ12 እስከ 14 ሰው የሚያበላ ግሬቪ ይወጣዋል። ድስቱ 8 ሊትር የሚይዝ ቢሆን ይመረጣል።

የተላጠ ሽንኩርት 2 ኪሎ። ቡናማ ልጣጭ ያለው ትልቁ ሽንኩርት ውሃ ስላለውና ጣፈጥ ስለሚል ከቀዩ ይሻላል፤ ቀዩ መልኩን ያጠቁረዋል፣ ሌላ ከሌለ ግን ይሠራል። አንድ ካሮት፣ አንድ አረንጓዴ የፈረንጅ ቃሪያ፣ አንድ ጭብጥ ጥቅል ጎመን። እነዚህ ለጣፋጭነትና ለውፍረት ነው የሚገቡት፤ ከበዙ ግሬቪው የአትክልት ሾርባ ሆኖ ይቀራል፣ ሽንኩርቱ ሁልጊዜ ንጉሥ መሆን አለበት። ነጭ ሽንኩርት 100 ግራም፣ ዝንጅብል 80 ግራም፣ አንድ ቆርቆሮ ቲማቲም (400 ግራም)፣ ዘይት ሩብ ሊትር፣ ጨው አንድ የሾርባ ማንኪያ። እርድ፣ ከሙን፣ ድንብላልና ፓፕሪካ (የማያቃጥል ቀይ የቃሪያ ዱቄት) እያንዳንዳቸው አንድ የሾርባ ማንኪያ። ውሃ 2 ሊትር አካባቢ።

ከቲማቲሙና ከደረቁ ቅመም በስተቀር ሌላውን ሁሉ በትልልቁ ቆራርጠው ከዘይቱ፣ ከጨውና ከውሃው ጋር ይጣዱት። ሲፈላ እሳቱን ቀንሰው፣ ከድነው ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይቀቅሉት። እዚህ ላይ አፍንጫዎ ከሰዓት ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ ጥሬ ሽንኩርት ይሸታል፣ ቀጥሎ የተቀቀለ ጎመን የመሰለ ደስ የማይል ሽታ ያመጣል፤ በመጨረሻ ሽታው ተለውጦ ይጣፍጣል። ጎመን ጎመን እያለ ያወጣ ሰው ያን ሽታ በኋላ በምንም ቅመም አይሸፍነውም። ሽንኩርቱ በማንኪያ ሲጫኑት እንደ ቅቤ መድቀቅ አለበት።

ከዚያ ቲማቲሙንና ቅመሙን ጨምረው ሌላ 20 ደቂቃ ያብስሉ፣ ከእሳት አውርደው ቀዝቀዝ ሲል ይፍጩት። በብሌንደር ከሆነ ከግማሽ በላይ አይሙሉት፣ ክዳኑንም በወፍራም ጨርቅ ይያዙት፤ ትኩስ ፈሳሽ ክዳን ፈንቅሎ ሲወጣ ክፉኛ ያቃጥላል። አንዳች ጓል እስከማይቀር ድረስ ይፍጩ። ወደ ድስቱ መልሰው እንደገና 20 ደቂቃ ሲያንተከትኩት ዘይቱ ላዩ ላይ ብርቱካናማ ሆኖ ይንሳፈፋል። ደርሷል ማለት ነው።

ውፍረቱስ? ከሚያስቡት የቀጠነ ይሁን። ከጭልፋ ላይ እንደ ወተት የሚወርድ፣ ቢበዛ እንደ ቀጭን ሾርባ። የሁሉም ጀማሪ ስሕተት ወፍራም ግሬቪ ነው፤ ወፍራሙ መጥበሻው ላይ ለመቁላላት ጊዜ ሳያገኝ ይደርቃል።

‹‹ሚክስ ፓውደር›› የሚሉትን ከየት ልግዛ?

የቅመም ድብልቅ ነው፤ ገዝተው አይድከሙ፣ ቤትዎ ይደባልቁት። ድንብላል 4 እጅ፣ ከሙን 3 እጅ፣ እርድ 3 እጅ፣ ፓፕሪካ 3 እጅ፣ ከሱቅ የሚገዛ የከሪ ዱቄት 3 እጅ፣ ጋራም ማሳላ (የሕንዶች የመከለሻ ዓይነት ቅመም) 1 እጅ። ሁሉም የተፈጨ ነው። በጠርሙስ ከድነው ብርሃን የማያገኘው ቦታ ያስቀምጡት። ሚጥሚጣ የሚያህል የሚያቃጥል ነገር እዚህ ውስጥ አይገባም፤ የሚያቃጥለው ሁልጊዜ ለብቻው፣ እንደ ሰሃኑ ዓይነት ይለካል።

በርበሬያችንን ብጠቀምስ? ንጥር ቅቤስ?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህን ነው፣ መልሴም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ለከሪ አይሆንም። በርበሬ ደረቅ ቃሪያ ብቻ አይደለም። ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ አብሮ ተፈጭቷል፤ አንድ ማንኪያ ሲገባ ሰሃኑ ወጥ ወጥ ማለት ይጀምራል። ንጥር ቅቤም እንደዚሁ ነው፣ ኮሰረቱና ኮረሪማው ሌላውን ሁሉ ይጫናል። ባይ አንድ ቀን ከቤት ያመጣሁትን ንጥር ቅቤ አሽትቶ በጣም ወደደው፣ ዳቦ ላይ ቀብቶም በላው፤ ወደ መጥበሻው ግን አላስጠጋውም። ለሚያቃጥለው የተፈጨ ደረቅ ቃሪያ ብቻውን ይጠቀሙ። ቅባቱ ደግሞ ሽታ የሌለው የምግብ ዘይት ይሁን።

ካሱሪ ሜቲ የሚባለው ቅጠል ምንድን ነው?

የደረቀ የአብሽ ቅጠል ነው። እኛ ፍሬውን ስናውቅ ኖረን ቅጠሉን ሳንጠቀምበት የቀረን ተክል። ከሪ ቤት በር ላይ ሲደርሱ የሚቀበልዎ ያ ሽታ አብዛኛው ከዚህ ነው። ለአንድ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ በመዳፍዎ መሐል አሽተው ይጨምሩት። ከበዛ ይመራል።

ዶሮው ለምን ቀድሞ ይበስላል?

መጥበሻው ላይ የሚቆየው ትንሽ ደቂቃ ስለሆነ። ጥሬ ዶሮ በዚያ ጊዜ ውስጡ አይበስልም፣ እስኪበስል ቢጠበቅ ደግሞ መረቁ ያልቃል። 1 ኪሎ ዶሮ ጉርሻ በሚያህል መጠን ይቁረጡ፣ በትንሽ ዘይት፣ እርድ፣ አንድ ማንኪያ ሚክስ ፓውደርና ጨው አሽተው፣ ሁለት ጭልፋ ግሬቪና ትንሽ ውሃ ጨምረው 15 ደቂቃ በለስላሳ እሳት ያብስሉት። አንዱን ቁራጭ ቆርጠው ይዩ፣ ውስጡ ሮዝ መልክ መቅረት የለበትም። ከጭን የሆነው ሥጋ ከደረቱ ይልቅ እርጥበቱን ይይዛል። የበግ ሥጋ በዚሁ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል። የቀረውን መረቅ አይድፉት፣ ለዚያ ማታ በሚሠሩበት ግሬቪ ላይ ይጨምሩት።

መጥበሻው ላይ በትክክል ምን ይደረጋል?

ማድራስ የሚባለውን የሚያቃጥል ከሪ ልውሰድ፤ ሌሎቹን ሁሉ ለመረዳት ከእሱ የተሻለ መነሻ የለም። የማደርሰው ለአንድ ሰው ነው፣ ቢበዛ ለሁለት። አራት ሰው ካለ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሥሩ እንጂ አንድ መጥበሻ ላይ አይከምሩ፤ ሲበዛ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም።

መጀመሪያ ሁሉን ነገር በእጅዎ አጠገብ ያሰናዱ፣ ከጀመሩ በኋላ ቅመም ፍለጋ ጊዜ የለም። 330 ሚሊ ሊትር ያህል ግሬቪ በሌላ ምድጃ ላይ ትኩስ ሆኖ ይጠብቅዎ። ቀዝቃዛ ግሬቪ መጥበሻውን ያቀዘቅዘዋል፣ የደከምንበት ሁሉ እዚያ ላይ ይከሽፋል። መስኮት ይክፈቱ፤ ቡና ስንቆላ የምንጠነቀቅለት የጭስ ደወል ለዚህም ይጮሃል።

መጥበሻው ሽፋን የሌለው ሰፊ አሉሚኒየም ወይም ብረት ቢሆን ጥሩ ነው፤ የማያስይዘው ዓይነት በጣም ሲግል ሽፋኑ ይበላሻል፣ ደግሞም እኛ ትንሽ እንዲይዝልን ነው የምንፈልገው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በመካከለኛ እሳት ያግሉ። የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሁለት የሻይ ማንኪያ ይጨምሩ፤ ሲንጫጫ ይቆይና ጫጫታው ጋብ ይላል፣ ውሃው አለቀ ማለት ነው። ካሱሪ ሜቲውን፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሚክስ ፓውደሩን፣ አንድ ወይም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ደረቅ ቃሪያውንና ጨው ይጨምሩ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ሳያቋርጡ ያማስሉ። ቅመም የሚያርርባት ቅጽበት ይህች ናት። መድረቅ ከጀመረ አንድ ማንኪያ ግሬቪ ጠብ ያድርጉ፣ ልክ ቁሌት ላይ ውሃ ጠብ እንደምናደርገው። ያረረ ቅመም ይመራል፤ ካረረ ደፍቶ መጀመር እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ሳልሳ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጠው ይጨምሩና እሳቱን እስከ መጨረሻ ይክፈቱት። ዘይቱ በዳር በዳር እየተለየ ሲወጣ አንድ ጭልፋ ግሬቪ ይጨምሩ። አሁን እጅዎን ይያዙ። ሐበሻ ያለ ማማሰል አይሆንለትም፣ እዚህ ግን ለ30 ሰከንድ ያህል ሳይነኩት ይተዉት። በኃይል ይፍለቀለቃል፣ በመጥበሻው ግድግዳ ላይ ተረጭቶ ይጋገራል። ያንን የተጋገረውን በማማሰያ ፋቅ አድርገው ወደ መሐል ይመልሱ። የከሪ ቤት ጣዕም የተቀመጠው እዚያ ፍቅፋቂ ውስጥ ነው። ደግመው አንድ ጭልፋ፣ ደግመው መተው፣ ደግመው መፋቅ። ሦስተኛው ዙር ላይ የቀረውን ግሬቪ ከ200 ግራም ዶሮ ጋር ይጨምሩና እስከሚፈልጉት ውፍረት ድረስ ያንተክትኩት። ሊወጣ ሲል የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ቁንጥር ስኳር፣ የተከተፈ የድንብላል ቅጠል።

በቤት ምድጃ ይህን ያህል እሳት አይገኝም የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ የከሪ ቤቱ እሳት ያስፈራል። ግን እያንዳንዱን ዙር አንድ ደቂቃ ብናስረዝምለት የቤቱም ይበቃል። እኔ አሁን የምሠራው ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ነው።

ከአንድ ድስት እንዴት ነው ያ ሁሉ ዓይነት የሚወጣው?

ግሬቪው አንድ ነው፣ ከፊቱና ከኋላው የሚገባው ይለያያል። ቪንዳሉ ማለት ማድራስ ሆኖ ቃሪያው የበዛ፣ አንድ ማንኪያ ኮምጣጤና የተቀቀለ ድንች የገባበት ነው። ስሙ ከፖርቱጋሎች ነው፤ ሕንድ ውስጥ ያለችውን ጎዋን እ.ኤ.አ. ከ1510 እስከ 1961 ሲገዙ በወይንና በነጭ ሽንኩርት የሚዘፈዝፉት ሥጋ ነበራቸው፣ ‹‹ቪኒያ ዳሊዮስ›› ይሉታል። ጎዋ ውስጥ ወይኑ በኮምጣጤ ተተካ፣ እንግሊዝ ሲደርስ ደግሞ ስሙ የመቃጠል ደረጃ ሆኖ ቀረ። ድንቹ የገባው በሂንዲ ‹‹አሉ›› ድንች ማለት ስለሆነ፣ ሰሚው ከስሙ ጋር አያይዞት ነው ይባላል።

ዶፒያዛ ‹‹ሁለት ሽንኩርት›› ነው፤ አንዱ ግሬቪው፣ ሁለተኛው በትልልቁ ተቆርጦ የተጠበሰ። ጃልፍሬዚ ላይ አረንጓዴ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና የፈረንጅ ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርቱ ቀድሞ በኃይለኛ እሳት ይጠበሳል። ቡና የሚባልም አለ፤ ከእኛ ቡና ጋር በስም ብቻ ይገናኛል፣ ቃሉ በእነሱ ቋንቋ መጥበስን ነው የሚያመለክተው። ግሬቪው ያነሰ፣ ቁላሎቱ የረዘመ፣ ሥጋው ላይ የተጣበቀ ወፍራም ነገር ነው፤ ወጥ ለለመደ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ እንዲሆን የምመክረው እሱን ነው። ዳንሳክ የተቀቀለ ምስር ክክ ይገባበታል፣ ከሎሚና ከስኳር ጋር፤ ምንጩ ፓርሲዎች ናቸው፣ ጥንት ከፋርስ ወደ ሕንድ የፈለሱ ሕዝቦች።

ኮርማ ብቻ ከሕጉ ይወጣል። ቃሪያ የለም፣ ኃይለኛ እሳትም የለም። ሚክስ ፓውደሩ በግማሽ ይቀነሳል፣ የኮኮናት ዱቄት፣ የተፈጨ አልመንድ፣ ስኳርና ክሬም ይገባል፣ መልኩ እንዳይጠቁር በለስላሳ እሳት ይንተከተካል። አልመንድ ወይም ኦቾሎኒ የማይስማማው እንግዳ ካለ ይህን ሰሃን ሳይጠይቁ እንዳያቀርቡ።

ግሬቪው ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?

በፍሪጅ 2 ቀን፣ በፍሪዘር 3 ወር። እኔ በ330 ሚሊ ሊትር እየለካሁ በክዳን ዕቃ አደርገውና ቀኑን ጽፌበት ወደ ፍሪዘር አስገባለሁ። ሲረጋ ስለሚሰፋ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ይተዉለት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ብዙዎቻችን ወጥ ድስቱን ምድጃው ላይ አሳድረን ጠዋት ማሞቅ ለምደናል። ግሬቪ ላይ ይህን አያድርጉ። ቅባቱ ትንሽ፣ ውሃው ብዙ ነው፣ ድስቱም ትልቅ ስለሆነ መሐሉ ለብ እንዳለ ለሰዓታት ይቆያል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከመፍላት ተርፈው እንዲህ ባለ ለብታ ውስጥ ይራባሉ፤ ከሚተዉት መርዝም ጠዋት ቢፈላ የማይጠፋ አለ። የብሪታኒያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ የበሰለ ምግብ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ ፍሪጅ እንዲገባ፣ የፍሪጁም ቅዝቃዜ 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይመክራል። ግሬቪውን በሰፋፊ ዕቃ ከፋፍለው ቀዝቃዛ ውሃ በሞላበት መታጠቢያ ውስጥ ቢያስቀምጡት በግማሽ ሰዓት ይበርዳል።

ለጾም ይሆናል?

ግሬቪው ራሱ ጾም ነው፣ ከላይ እንዳየነው የዶሮ መረቅ ካልተቀላቀለበት በስተቀር። ስለዚህ እኔ ለሁዳዴ የምሠራውን ለብቻው አስቀምጣለሁ፣ ዕቃው ላይም ‹‹ጾም›› ብዬ እጽፍበታለሁ። የተቀቀለ ሽምብራ በማድራስ አሠራር በጣም ይጥማል፣ ድንችና አበባ ጎመንም እንዲሁ። ለኮርማ ክሬሙን በኮኮናት ወተት ይተኩ። ከሥራ ደክሞ ለሚገባ ጿሚ ፍሪዘር ውስጥ ግሬቪ መኖሩ ትልቅ እረፍት ነው፤ ሽምብራው ከቆርቆሮ ከሆነ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ይህ እውነተኛ የሕንድ ምግብ ነው?

ሕንዶች በቤታቸው ለሁሉ ሰሃን አንድ ግሬቪ አይቀቅሉም። ይህ በብሪታኒያ የተወለደ ምግብ ነው፣ ያዋለዱትም በአብዛኛው የዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ በተለይ የሲልሄት ሰዎች ናቸው። ለንደን ውስጥ ሳኬ ዲን ማሆመድ የመጀመሪያውን የሕንድ ምግብ ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1810 ነበር፤ እስከ ዛሬ ከቆዩት አንጋፋው ቪራስዋሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ነው። እነዚያ ግን ለባለጸጋ ነበሩ። ከሪን የሠፈር ምግብ ያደረጉት በእንግሊዝ መርከቦች ላይ ከሰል ሲያቀጣጥሉ ኖረው ወደብ ላይ የወረዱ መርከበኞችና ዘመዶቻቸው ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትንንሽ ካፌዎችን ይዘው፣ ጥቂት እጅ ሆነው፣ ሌሊት መጠጥ ቤት ሲዘጋ ለሚጎርፈው ደንበኛ ማድረስ ነበረባቸው። ግሬቪ የዚያ ችግር መፍትሔ ነው። አንድ ሰው አንድ መጥበሻ ይዞ የስልሳ ሰሃን ዝርዝር እንዴት ያወጣል? በእሱ ነው።

እዚህ በርሚንግሃም ስፓርክብሩክና ቦልሳል ሂዝ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባልቲ የሚባል ተጨምሮበታል፤ በቀጭን ብረት ሳህን ይበስልና በዚያው ሳህን ይቀርባል። የፓኪስታን፣ በተለይ የካሽሚር ልጆች ሥራ ነው። ቃሉ ባልዲ ማለት ነው፣ ለጆሯችንም ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የብሪታኒያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮቢን ኩክ ቺክን ቲካ ማሳላን፣ የተጠበሰ ዶሮ በቅመም መረቅ የሚቀርብበትን ከሪ፣ እውነተኛ የብሪታኒያ ብሔራዊ ምግብ ብለውታል። እኔ ግን ይህን ምግብ ስበላ የማስበው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድስት ሲያማስሉ የኖሩትን ነው። ‹‹እውነተኛ አይደለም›› የሚል ቃል ሲነገር የእነሱን ሥራ ማቃለል ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ነኝ፣ ልሠራው እችላለሁ?

በደንብ። ሽንኩርቱ፣ እርዱ፣ ከሙኑ፣ ድንብላሉ፣ ዝንጅብሉ ሁሉ ገበያ ላይ ነው። ቀይ ሽንኩርቱ ውሃው ያነሰ ስለሆነ ግማሽ ሊትር ውሃ ይጨምሩበት። የአብሽ ቅጠል ካጡ የተፈጨ አብሽ በቁንጥር ብቻ፣ ዘይቱ ላይ፤ ከቁንጥር ካለፈ ይመራል።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የእኔ አንድ ሰዓት እዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ይችላል፣ አለዚያ በፕሬዠር ኩከር ይሥሩት። ሁለተኛው መብራት ነው። የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት ሁለት ቀን ያህል፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ደግሞ አንድ ቀን ቅዝቃዜውን ይይዛል። መብራት ከጠፋ በሩን አይክፈቱ።

ከዚሁ ግሬቪ ዶሮ ወጥ መሥራት ይቻላል?

አይቻልም። እህቴ ሞክራው ነበር፣ ለፋሲካ። የተቀቀለ ሽንኩርት በርበሬ ቢገባበትም ጥቁረቱንና ያንን የቁሌት ውፍረት አያመጣም፤ ቀጭን ቀይ ሾርባ ሆነ። ሐሳቡን ግን መውሰድ ይቻላል። አሁን እኔና እሷ በዓል ሳይደርስ አንድ ቅዳሜ ተገናኝተን 10 ኪሎ ሽንኩርት ፈጭተን፣ ደረቁን አቁላልተን፣ ዘይቱና በርበሬው ገብቶ ቁሌቱ ሲደርስ፣ ዶሮና ቅቤ ሳይገባ፣ ለየድስቱ የሚሆነውን ከፋፍለን ፍሪዘር እናስገባለን። ዋዜማው ላይ የሚቀረን ዶሮውን አጥቦ መገነጣጠል፣ ቁሌቱን አሙቆ ቅቤና መከለሻ መጨመር፣ እንቁላሉን መቀቀል ብቻ ነው። ቅቤውን አስቀድመው አይጨምሩት፤ ፍሪዘር ውስጥ ሲከርም ሽታው ይደክማል።